ከምርቃት ወደ ዋጋ ዝርዝር፦ የፕሮግራሚንግ መሣሪያዎች ከኮምፒውተር ተነጥለው መሸጥ የጀመሩበት ሂደትና ለደቡብ ምዕራብ የምርምር ሥራ ያለው ትርጉም

በገበያ «ምርቃት» የሚሉት ነገር አለ። ቡና በጣሳ እየሰፈረች የምትሸጥ ሴት ስፍሩን ከጨረሰች በኋላ ከላይ አንድ እፍኝ ትጨምራለች። ገዢው ያንን እፍኝ እንደ ስጦታ ሳይሆን እንደ ወግ ይጠብቀዋል፤ ካልተጨመረለትም «ምርቃቱስ?» ብሎ ይጠይቃል። የእፍኟ ዋጋ በስፍሩ ዋጋ ውስጥ አስቀድሞ እንደ ተካተተ ሁለቱም ያውቃሉ። ይሁን እንጂ ሻጯ አንድ ቀን ተነሥታ ስፍሩን ለብቻ፣ እፍኙን ለብቻ ማስከፈል ብትጀምር የሚለወጠው ሒሳቡ ብቻ አይሆንም። እፍኙን ማን ይገዛል፣ ማንስ ሳይገዛ ይቀራል የሚለው ጥያቄ ይነሣል።

በኮምፒውተር ንግድ ውስጥ የሆነው ከሞላ ጎደል ይኸው ነው። በመጀመሪያዎቹ የንግዱ ዘመናት ሶፍትዌር፣ በተለይም ፕሮግራም ለመጻፍ የሚያገለግሉ መሣሪያዎች፣ የማሽኑ ምርቃት ነበሩ። «የፕሮግራሚንግ መሣሪያ» ሲባል በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ኮምፓይለርን (ሰው የጻፈውን የፕሮግራም ጽሑፍ ማሽኑ ወደሚፈጽመው ትእዛዝ የሚቀይረውን)፣ የተቀየሩትን ክፍሎች አንድ ላይ የሚያያይዘውን ሊንከር፣ ስሕተት መፈለጊያውንና ተዘጋጅተው የሚመጡ ላይብረሪዎችን ያጠቃልላል። ጽሑፉ እነዚህ መሣሪያዎች ከማሽኑ ዋጋ የተነጠሉባቸውን ዋና ዋና አጋጣሚዎች ከመረመረ በኋላ ጉዳዩ በሚዛን፣ በአማንና በቴፒ ለሚሠራ ተመራማሪ ምን ማለት እንደ ሆነ ያሳያል።

የ1969ኙ ውሳኔ

እ.ኤ.አ. እስከ 1960ዎቹ መጨረሻ ድረስ ከአይ.ቢ.ኤም ትልቅ ኮምፒውተር የሚከራይ ወይም የሚገዛ ድርጅት አንድ ዋጋ ይከፍል ነበር። በዚያ ዋጋ ውስጥ ማሽኑ፣ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ፣ የፎርትራንና የኮቦል ኮምፓይለሮች፣ የባለሙያ ድጋፍና ሥልጠና ሁሉ ይካተታሉ። አሠራሩ ለገዢ የተመቸ ቢመስልም አንድ ወገን ክፉኛ ይጎዳ ነበር፤ እርሱም ሶፍትዌር ብቻ ጽፎ ለመሸጥ የሚፈልገው ድርጅት ነው። አፕላይድ ዳታ ሪሰርች የተባለው ኩባንያ የፕሮግራምን አካሄድ በሥዕል የሚያሳይ «አውቶፍሎው» የተሰኘ ምርት ነበረው። አይ.ቢ.ኤም ለተመሳሳይ ሥራ የሚውል ፕሮግራም ያለ ተጨማሪ ክፍያ ይሰጥ ስለ ነበር ደንበኞች «ያለ ዋጋ የምናገኘውን ለምን እንገዛለን?» ማለታቸው አልቀረም። የኩባንያው ባልደረባ ማርቲን ጎትዝ እ.ኤ.አ. በ1968 ለሶፍትዌር የተሰጠውን የመጀመሪያ የአሜሪካ የፈጠራ መብት ያገኘ ሰው ሲሆን፣ ኩባንያውም በሚያዝያ 1969 አይ.ቢ.ኤምን ከሰሰ።

ክሱ የመጀመሪያው አልነበረም። ኮንትሮል ዳታ ኮርፖሬሽን በታኅሣሥ 1968፣ የአሜሪካ የፍትሕ መሥሪያ ቤት ደግሞ በጥር 17 ቀን 1969 በገበያ ጠቅላይነት ከሰውት ነበር (ቀኖቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። አይ.ቢ.ኤም በሰኔ 23 ቀን 1969 ዋጋውን እንደሚነጥል አስታወቀ። የማሽኖቹ ዋጋ በ3 በመቶ ቀነሰ፤ 17 ፕሮግራሞች ለብቻቸው ዋጋ ወጣላቸው፤ የባለሙያ አገልግሎትና አብዛኛው ሥልጠናም እንዲሁ የሚከፈልበት ሆነ። ለማሽኑ መሠረታዊ ሥራ የግድ የሚያስፈልገው የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ክፍል ግን ለጊዜው ከማሽኑ ጋር ቀረ።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚታለፍ ነገር አለ። ቀድሞ ተሰጥተው የነበሩት ኮምፓይለሮች በአንድ ሌሊት አልተነጠቁም። የነበረው ባለበት ቀረ፤ አዲሱና የተሻለው ግን ዋጋ ተለጠፈበት። ለምሳሌ በፒ.ኤል.ዋን ቋንቋ የሚሠራ ድርጅት «ኤፍ» የተባለውን የቆየ ኮምፓይለር ያለ ክፍያ መጠቀሙን መቀጠል ይችል ነበር፤ በ1970ዎቹ መጀመሪያ የወጣውንና ፈጣን ፕሮግራም የሚያመነጨውን ኮምፓይለር ከፈለገ ግን ወርኃዊ ኪራይ ይከፍላል። ከዚያ ወዲህ የታዩት የመነጠል ውሳኔዎች አብዛኞቹ ይህንኑ ፈለግ ተከትለዋል። ምርቃቱ በግልጽ አይነሣም፤ እንዲያረጅ ይተዋል።

የውሳኔው ውጤት ሁለት መልክ ነበረው። በአንድ በኩል ራሱን የቻለ የሶፍትዌር ኢንዱስትሪ የተወለደው ከዚህ በኋላ ነው ማለት ይቻላል፤ ጎትዝን የመሳሰሉ ሰዎች የታገሉትም ለዚሁ ነበር። በሌላ በኩል ፕሮግራም መጻፍ የሚፈልግ ሰው ማሽን ስለ ገዛ ብቻ መጻፍ እንደሚችል እርግጠኛ መሆኑ ቀረ።

የቤት ኮምፒውተሮችና ቤዚክ

በአነስተኛ ኮምፒውተሮች ዘመን ምርቃቱ ለጥቂት ጊዜ ተመልሶ መጣ። አፕል ሁለት፣ ኮሞዶር 64 እና የ1981ዱ የአይ.ቢ.ኤም የግል ኮምፒውተር ሲከፈቱ የቤዚክ ቋንቋን በማይጠፋ ማኅደረ ትውስታቸው ውስጥ ይዘው ነበር። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ1991 ባወጣው ኤም.ኤስ.ዶስ 5 ውስጥ ኪውቤዚክን አካተተ። ኪውቤዚክ ለብቻው ይሸጥ ከነበረው ኩዊክቤዚክ የተቀነሰ ነበር፤ ፕሮግራሙን በዚያው ያስኬዳል እንጂ ለሌላ ሰው የሚሰጥ ራሱን የቻለ ፋይል አያወጣም። በዊንዶውስ 95 እና 98 ጊዜ በሲዲው ጥግ ባለ አንድ ፎልደር ውስጥ ተቀመጠ፤ ከዚያም ጠፋ። ዛሬ ከሱቅ በሚገዛ ላፕቶፕ ወይም ስልክ ላይ ተማሪን «እስቲ ጻፈኝ» የሚል ባዶ ገጽ አይታይም።

የሰን ማይክሮሲስተምስ ጉዳይ

ለተመራማሪዎች ይበልጥ የሚቀርበው አጋጣሚ ግን በዩኒክስ ዓለም የሆነው ነው። የዩኒክስ ባህል ኦፐሬቲንግ ሲስተምንና የሲ ኮምፓይለርን አይለይም ነበር፤ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ራሱ የተጻፈው በሲ ነውና። መነጠል የጀመረው በ1980ዎቹ ነው። ኤስ.ሲ.ኦ የተባለው ኩባንያ ዜኒክስን በሦስት ጥቅል ከፋፍሎ ይሸጥ ነበር፤ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ አንድ፣ የፕሮግራሚንግ መሣሪያው ሌላ፣ የጽሑፍ ማቀናበሪያው ሌላ።

ብዙ ቁጣ ያስነሣው ግን የሰን ማይክሮሲስተምስ ውሳኔ ነበር። ሰን የዩኒቨርሲቲዎች ወዳጅ ነበር፤ ሰንኦኤስ 4 ከነኮምፓይለሩ ይመጣ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1992 ሶላሪስ 2 ሲወጣ ኮምፓይለሩ ወጥቶ ለብቻው መሸጥ ጀመረ። ተጠቃሚው እንደ ልማዱ የኮምፓይለሩን ትእዛዝ ሲጽፍ ማሽኑ «አማራጭ የሆነው የቋንቋ ሶፍትዌር ጥቅል አልተጫነም» የሚል መልእክት ይመልስለታል። በሩ አለ፤ ከኋላው ያለው ክፍል ግን ባዶ ነው። የሚገርመው፣ አሴምብለሩና ሊንከሩ ከሲስተሙ ጋር ቀርተው ነበር። የጎደለው መካከለኛው፣ ማለትም የሲን ጽሑፍ ወደ አሴምብሊ የሚቀይረው ክፍል ብቻ ነው።

ይህን ለማድረግ ያስቻለው ቴክኒካዊ ለውጥ መነሣት አለበት። በሰንኦኤስ 4 አስተዳዳሪው የሲስተሙን እምብርት ለራሱ ማሽን ሲያስተካክል እንደገና ኮምፓይል ማድረግ ነበረበት፤ ስለዚህ ኮምፓይለር የሌለው ማሽን ማስተዳደር አይቻልም። ሶላሪስ 2 ግን ክፍሎቹን እየሠራ ሳለ ማስገባትና ማውጣት ስለሚችል ይህ ግዴታ ተነሣ። በአንጻሩ ኤች.ፒ ኮምፓይለሩን ሲነጥል የሲስተሙን እምብርት መልሶ ለመሥራት ብቻ የሚበቃ ደካማ ኮምፓይለር መተው ነበረበት። ያ ኮምፓይለር ዘመናዊውን የሲ ደረጃ እንዲከተል ሲታዘዝ አማራጩ የሚሠራው በሚሸጠው ምርት ብቻ እንደ ሆነ አስታውሶ ትእዛዙን ያልፈዋል። ከዚህ መረዳት እንደሚቻለው የዋጋ ውሳኔ የሚመስለው ነገር ብዙውን ጊዜ አስቀድሞ በሲስተሙ አሠራር ተፈቅዶ የቆየ ነው።

ለዩኒቨርሲቲ ጉዳቱ ምን ነበር? በዚያ ዘመን አብዛኛው የምርምር ሶፍትዌር በመረብ የሚሰራጨው በጽሑፍ መልክ፣ ማለትም ተቀባዩ በራሱ ማሽን ኮምፓይል እንዲያደርገው ሆኖ ነበር። ኮምፓይለር የሌለው ተመራማሪ የባልደረባውን ፕሮግራም ማንበብ ይችላል፤ ማስኬድ ግን አይችልም። መፍትሔው ከሪቻርድ ስቶልማን መጣ። እርሱ የጀመረው ጂ.ሲ.ሲ የተባለው ነጻ ኮምፓይለር እ.ኤ.አ. በ1987 የወጣ ሲሆን ሁለተኛው ዐቢይ እትሙ የወጣው በዚያው በ1992 ነበር።

ነገር ግን ጂ.ሲ.ሲ ራሱ የሚሰራጨው በሲ ተጽፎ ነው። ኮምፓይለሩን ለመሥራት ኮምፓይለር ያስፈልጋል። ለአማርኛ አንባቢ ይህን ችግር ለማስረዳት ከእርሾ የተሻለ ምሳሌ አይገኝም። ዱቄትም ውኃም አለ፤ ካለፈው ሊጥ የተረፈ እርሾ ከሌለ ግን ለእንጀራ የሚሆን ሊጥ በወጉ አይቦካም፤ ስለዚህ ሰው ከጎረቤት ይዋሳል። የሶላሪስ ተጠቃሚዎችም ያደረጉት ይህንኑ ነው፤ ኮምፓይለር የገዛ ወይም የቆየ ማሽን ያለው ሰው ጂ.ሲ.ሲን አንድ ጊዜ ሠርቶ የተጠናቀቀውን ፋይል ለሌሎች አካፈለ። እርሾው ከተገኘ በኋላ ሥራው በሦስት ዙር ይሄዳል። በተዋሱት ኮምፓይለር የመጀመሪያው ይሠራል፤ በመጀመሪያው ሁለተኛው፣ በሁለተኛው ደግሞ ሦስተኛው። ሁለተኛውና ሦስተኛው በትክክል አንድ ዐይነት ሆነው ከተገኙ ኮምፓይለሩ ጤናማ ነው ተብሎ ይወሰዳል። (የማያውቁት ጎረቤት እርሾ ምን እንደ ያዘ አይታወቅም የሚል ካለ፣ ኬን ቶምሰን የቱሪንግ ሽልማትን ሲቀበል ያቀረበውንና እ.ኤ.አ. በ1984 የታተመውን ንግግር ያንብብ፤ የተደበቀ ተንኮል በጽሑፉ ላይ ሳይታይ ከኮምፓይለር ወደ ኮምፓይለር ሊተላለፍ እንደሚችል አሳይቷል።)

በዚህ ክፍተት ውስጥ የገባው ሲግነስ ሰፖርት የተባለ ኩባንያ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1989 ከተመሠረተ ጀምሮ የሚሸጠው ነጻ ሶፍትዌርን ሳይሆን ለነጻ ሶፍትዌር የሚሰጠውን ድጋፍ ነው። የሰን ውሳኔ ደንበኛ አመጣለት፤ የጂ.ሲ.ሲ ተጠቃሚዎችም በዙ። ሰን በበኩሉ ከዓመታት በኋላ፣ በ2005፣ ኮምፓይለሩንና ተጓዳኝ መሣሪያዎቹን ያለ ክፍያ መስጠት ጀመረ። የነጠለው ነገር ተመልሶ ሲመጣ ብዙዎቹ ፕሮግራመሮች ግን በጂ.ሲ.ሲ መሥራትን ለምደው ነበር።

ሻጭ ለምን ይነጥላል?

«ስግብግብነት» የሚለው መልስ አጥጋቢ አይደለም፤ ስግብግብ ሻጭ አንዳንድ ጊዜ መጠቅለልን ይመርጣልና። ዊሊያም አዳምስና ጃኔት የለን እ.ኤ.አ. በ1976 ባሳተሙት ጥናት ጥቅል ሽያጭ መቼ እንደሚያዋጣ በሚገባ አብራርተዋል፤ ቀጥሎ ያለው የሒሳብ ምሳሌ የዚያን አስተሳሰብ መንገድ የሚከተል ቢሆንም ቁጥሮቹ ለማስረጃ ሳይሆን ለማስረዳት የተመረጡ ናቸው።

አንድ ሻጭ ሁለት ደንበኞች አሉት እንበል። የሒሳብ ሥራ ቢሮ ለማሽኑ እስከ 75,000 ብር፣ ለኮምፓይለሩ እስከ 3,000 ብር ይከፍላል። የዩኒቨርሲቲ የትምህርት ክፍል ደግሞ ለማሽኑ እስከ 60,000፣ ለኮምፓይለሩ እስከ 20,000 ብር ይከፍላል። ሻጩ ሁለቱን ዕቃዎች ጠቅልሎ በ78,000 ብር ቢያቀርብ ሁለቱም ደንበኞች ይገዛሉ፤ ገቢው 156,000 ብር ይሆናል። ነጥሎ ቢሸጥ ግን ከሁሉ የተሻለው ዋጋ ማሽኑን ለሁለቱም በ60,000፣ ኮምፓይለሩን ለዩኒቨርሲቲው በ20,000 ብር መሸጥ ነው፤ ገቢው 140,000 ብር ነው። ስለዚህ ይጠቀልላል።

አሁን ተፎካካሪ መጥቶ ተመሳሳይ ማሽን በ50,000 ብር መሸጥ ጀመረ። ከዚህ በኋላ ለማሽኑ ከ50,000 በላይ የሚከፍል የለም። ሁለቱም እንዲገዙ የጥቅሉ ዋጋ ከ53,000 ማለፍ ስለማይችል ገቢው 106,000 ብር ይሆናል። ነጥሎ ቢሸጥ ግን ሁለት ማሽን በ100,000፣ አንድ ኮምፓይለር በ20,000፣ በድምሩ 120,000 ብር ያገኛል። ስለዚህ ይነጥላል። የማሽን ዋጋ በውድድር ሲወርድና ደንበኞችን ከደንበኞች የሚለየው ነገር መሣሪያው ብቻ ሆኖ ሲቀር መነጠል ያዋጣል ማለት ነው። የሥራ ጣቢያ ኮምፒውተሮች ፉክክር በበረታበት በ1990ዎቹ መጀመሪያ የሰን ውሳኔ መምጣቱ ከዚህ ስሌት ጋር ይስማማል።

በምሳሌው ላይ 50,000 ብር ብቻ ያለውን ተማሪ እንጨምር። ሻጩ ለሦስቱም በጥቅል ለመሸጥ ከፈለገ ዋጋው 50,000፣ ገቢው 150,000 ይሆናል፤ በነጠላ ከሸጠ 170,000 ያገኛል። አሁንም መነጠሉ ያዋጣዋል፤ ተማሪውም ማሽን ያገኛል። በማሽኑ ላይ ግን ኮምፓይለር የለም። ሻጩ ያሰበው ወጪውን ከሚችለው ክፍል ለማግኘት ነው፤ የማይችለው ሰው መቅረት የስሌቱ ዓላማ ሳይሆን ትራፊ ነው። ወደፊት ፕሮግራም የሚጽፈው ሰው ግን ብዙ ጊዜ ያ ትራፊ ነው። ለዚህም ነው ብዙ ሻጮች ዛሬ ለተማሪ ነጻ ፈቃድ የሚሰጡት፤ ማይክሮሶፍት በ2014 ቪዥዋል ስቱዲዮ ኮሚዩኒቲን ያለ ክፍያ ማቅረቡም በተመሳሳይ ስሌት ሊታይ ይችላል።

ወደ አገራችን ስንመለስ

በኢትዮጵያ ጉዳዩ በተቃራኒው አቅጣጫ የተጓዘበት አንድ ታሪክ አለ፤ የግእዝ ፊደል መጻፊያ ታሪክ። ከ1980ዎቹ ጀምሮ በኢትዮጵያውያን የተሠሩ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሞች ለብቻቸው የሚገኙ ምርቶች ነበሩ፤ ኮምፒውተሩ ከውጭ ሲመጣ ፊደላችንን አያውቅም። እያንዳንዱ አዘጋጅ ፊደሎቹን በላቲን ፊደላት ቦታ በራሱ ቅደም ተከተል ስለሚያስቀምጥ በአንዱ የተጻፈው በሌላው ሲከፈት ትርጉም የለሽ ምልክት ይሆን ነበር። ግእዝ እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ከገባ በኋላ ዊንዶውስ ቪስታ ኒያላ የተባለውን ፎንትና የአማርኛ ኪቦርድ አካትቶ መጣ። በገንዘብ ይገዛ የነበረው ነገር ምርቃት ሆነ። በዊንዶውስ 10 ግን ኒያላ ከዋናው ጥቅል ወጥቶ ተጠቃሚው ሲፈልግ ከኢንተርኔት የሚያወርደው ተጨማሪ ክፍል ሆነ። ክፍያ የለውም፤ ፊደላችንም ኤብሪማ በተባለ ሌላ ፎንት ይነበባል። ሆኖም በኒያላ የተዘጋጀ የመመረቂያ ጽሑፍ ፎንቱ ባልወረደበት ማሽን ሲከፈት መስመሩና የገጽ አከፋፈሉ ይዛባል። ክፍያ ባይኖርም መነጠል ለኢንተርኔት ወጪና ለጊዜ ይዳርጋል።

የፕሮግራሚንግ መሣሪያን በተመለከተ የአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች ለረጅም ጊዜ የዋጋውን ዝርዝር ሳያዩ ኖረዋል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ መሣሪያዎቹ በሲዲ፣ በኋላም በፍላሽ ዲስክ እየተገለበጡ ይዞሩ ነበር። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለኮምፒውተር ፕሮግራም ጥበቃ ከሰጠ ሁለት አሥርት ዓመታት አልፈዋል፤ ልማዱ ግን በአዋጁ ፍጥነት አልተለወጠም። በጸሐፊው አመለካከት የዚህ ልማድ ትልቁ ጉዳት ሕግ መጣሱ ብቻ አይደለም። የተገለበጠ መሣሪያ ዋጋ የሌለው ስለሚመስል በነጻ የሚገኘውን አማራጭ ለመማር የሚያነሣሣ ነገር ይጠፋል። ተማሪው ሁሉም መሣሪያ እኩል «ነጻ» ሆኖበት ያድጋል፤ ልዩነቱን የሚያውቀው ውጤቱን ለውጭ መጽሔት ሲልክና የተጠቀመበትን ሶፍትዌር እንዲገልጽ ሲጠየቅ ነው።

ዛሬ ደግሞ መገልበጥም መፍትሔ የማይሆንባቸው መሣሪያዎች በዝተዋል። ብዙዎቹ በማሽኑ ላይ አይቀመጡም፤ በወር ኪራይ ከሩቅ ሰርቨር ይሠራሉ። ፕሮግራም ለመጻፍ የሚያግዘው ጊትሀብ ኮፓይለት እ.ኤ.አ. በሰኔ 2022 ለግለሰብ ተጠቃሚ በወር 10 ዶላር ዋጋ ቀረበ፤ ተማሪነታቸውን ላረጋገጡ ግን ያለ ክፍያ ነበር። በሐምሌ 2024 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በጥቂት ወራት ውስጥ 110 ብርን ስላለፈ፣ ያው 10 ዶላር በብር ሲሰላ ከእጥፍ ጋር ተጠጋ። ከዋጋው በላይ የሚከብደው ግን መክፈያው ነው፤ በውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድ የሌለው ተመራቂ ገንዘቡ ቢኖረውም መግዛት አይችልም። በዚያው በሐምሌ 2024 የተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደርስ መርሐ ግብር ለወጣቶች ያለ ክፍያ ሥልጠና ማቅረቡ መልካም ነው። ሥልጠናውና መሣሪያው ግን ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን አይ.ቢ.ኤም ከ1969 ጀምሮ በዋጋ ዝርዝሩ ላይ አስቀምጦታል።

ለደቡብ ምዕራብ ቡና ምን ያገባዋል?

ጥያቄው ለኮምፒውተር ሳይንስ ክፍል ብቻ የሚተው አይደለም። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ያወጣው የደን ጭፍጨፋን የሚመለከት ደንብ ወደ ገበያው የሚገባ ቡና የበቀለበት ማሳ በመልክዐ ምድራዊ መጋጠሚያ እንዲታወቅ ይጠይቃል፤ ከ4 ሄክታር በላይ ለሆነ ማሳ ዙሪያው በሙሉ መቀረጽ አለበት፤ ከዚያ በታች ላለው አንድ ነጥብ ይበቃል። ደንቡ ሥራ ላይ የሚውልበት ቀን ደጋግሞ ቢራዘምም መረጃው መሰብሰቡ አይቀርም። በቤንች ሸኮ፣ በሸካና በከፋ ቡና የሚበቅለው ከደን ጋር ተጠላልፎ ነው። ከሳተላይት ምስል ላይ የጫካ ቡናን ከተፈጥሮ ደን መለየት ራሱን የቻለ የምርምር ጥያቄ ነው። ጥያቄው የሚመለሰው ደግሞ በፕሮግራም ነው።

እዚህ ላይ የመነጠል ነገር በተግባር ይታያል። አርክጂ.አይ.ኤስ ዋናው ፕሮግራም ተገዝቶ የምስል ስሌት የሚሠራበት የስፓሻል አናሊስት ክፍል ሌላ ፈቃድ ይጠይቃል። ማትላብ ዋናው ቋንቋ አንድ ዋጋ፣ የምስል ማቀናበሪያው ሌላ፣ የስታቲስቲክሱ ሌላ ዋጋ አላቸው። ኤስ.ፒ.ኤስ.ኤስም እንዲሁ መሠረቱና ተጨማሪ ክፍሎቹ ተነጣጥለው ይሸጣሉ። የተቋሙ ግዥ ክፍል «ሶፍትዌሩ ተገዝቷል» ሲል ተመራማሪው «የምፈልገው ክፍል የለም» የሚለው ሁለቱም እውነት ተናግረው ነው። ጸሐፊው ባያቸው የኮምፒውተር ግዥ ዝርዝር መግለጫዎች ላይ የፕሮሰሰሩ ፍጥነት፣ የማኅደረ ትውስታው መጠንና የስክሪኑ ስፋት እስከ ነጥብ ድረስ ተዘርዝሮ ለሶፍትዌሩ የተተወው አንድ መስመር ነው። ያ መስመር የትኞቹ ክፍሎች፣ ለስንት ተጠቃሚ፣ ለምን ያህል ጊዜ የሚለውን ካልያዘ ከ1969 በፊት የተጻፈ ይመስላል።

በነጻ የሚገኘውም ቢሆን ባለበት አይቆምም። ኦራክል ከ2019 ጀምሮ ለጃቫ 8 የሚወጡ እድሳቶችን ለንግድ ተጠቃሚዎች የሚከፈልባቸው አድርጎ፣ በ2021 ደግሞ አዲሱን ጃቫ 17 ለተወሰነ ጊዜ በነጻ ፈቀደ። ፓይዘንን ከነላይብረሪዎቹ ጠቅልሎ የሚሰጠው አናኮንዳ በ2020 ደንቡን ቀይሮ ከ200 በላይ ሠራተኛ ያላቸው ድርጅቶች እንዲከፍሉ ጠየቀ፤ ለትምህርት አሰጣጥ የሚውለውን ከክፍያ ነጻ አደረገ፤ ምርምር ግን ሁልጊዜ ከማስተማር ጋር እንደማይቆጠር ዩኒቨርሲቲዎች ዘግይተው ተረዱ። በዚህ ጉዳይ መውጫው ቅርብ ነው። ፓይዘን ቋንቋው ራሱ የአናኮንዳ አይደለም፤ ኮንዳ ፎርጅ በተባለው በማኅበረሰብ በሚተዳደር ማከማቻ ተመሳሳይ ላይብረሪዎች ይገኛሉ። ልዩነቱ በጠቅላዩና በተጠቀለለው መካከል ነው፤ ተማሪዎችም ይህን ልዩነት ገና በመጀመሪያው ዓመት ቢያውቁት ይጠቅማቸዋል።

ከቦታችን ርቀት የተነሣ አንድ ተግባራዊ ነገር መጨመር ይቻላል። ኢንተርኔት በሚቆራረጥበት ቦታ ነጻ መሣሪያም ቢሆን በሰዓቱ ካልወረደ የለም ማለት ነው። በቴፒም ሆነ በአማን ያለ ቤተ ሙከራ ጂ.ሲ.ሲን፣ ፓይዘንን፣ አርንና ኪውጂ.አይ.ኤስን ከነላይብረሪዎቻቸው በአንድ የውስጥ ሰርቨር ላይ አስቀምጦ በየጊዜው ቢያድሰው፣ ተማሪው እርሾውን ከቅርብ ጎረቤት ያገኛል። ለመመረቂያ ጽሑፍ የዋሉት እትሞች አብረው ቢቀመጡ ደግሞ ከአምስት ዓመት በኋላ የሚመጣ ተማሪ የቀደመውን ሰው ስሌት በዚያው መሣሪያ ደግሞ ማስኬድ ይችላል፤ በወር ኪራይ በሚሠራ መሣሪያ ይህ አይታሰብም።

ነጻ አማራጭ ሁሉንም ይተካል ማለት ግን አይደለም። ኦክታቭ አብዛኛውን የማትላብ ቋንቋ ይረዳል፤ የሜካኒካልና የኤሌክትሪካል ምህንድስና ተማሪዎች የሚጠቀሙበትን ሲሙሊንክን ግን አይተካም። የሳይላብ አካል የሆነው ኤክስኮስ ተቀራራቢ ሥራ ይሠራል፤ በሲሙሊንክ የተሠራ ሞዴል ግን እንዳለ ተወስዶ አይሠራበትም፤ በአብዛኛው እንደ አዲስ መሣል አለበት። ለእንዲህ ዐይነቱ ክፍል ጥቂት ፈቃዶችን በስም፣ በቁጥርና በጊዜ ለይቶ መግዛት፣ ለቀረው ሥራ ደግሞ በነጻው መሣሪያ ማስተማር የሚሻል ይመስላል።